ባለቤቱ የጠፋ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ማባዛት ነውር ነው?

የመምህሩ ልጅ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

አባቴ ደሴ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበር። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ገጠር ይወርድና ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ተረት፣ እንቆቅልሽና የለቅሶ ግጥም ይሰበስባል። መጀመሪያ በደብተር ነበር የሚጽፈው። በ1985 አዲስ አበባ ወርዶ ዶስ በሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ገዛ። ደረሰኙ እስካሁን እጄ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የሰበሰበውን ሁሉ በእሱ ነው የጻፈው። የድሮዎቹንም ደብተሮች ቁጭ ብሎ ገለበጣቸው። ደብተሮቹን በኋላ ምስጥ በላቸው።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የቀረኝ አሥራ አንድ ፍሎፒ ነው። የፍሎፒ ማንበቢያ ገዝቼ ሞከርኩ። ዘጠኙ ተነበቡ። ፋይሎቹ አሉ፣ ግን በምንም ብከፍታቸው የሚታየኝ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

የፕሮግራሙ ዲስክ ራሱ ተበላሽቷል። ሲነሳም የራሱን ቁልፍ ዲስክ አስገቡ የሚል ዓይነት ነበር። የሸጠው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ደረሰኙ ላይ ያለው ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ነው። ቢሮው የነበረበት ሕንፃም ፈርሷል። አንድ ጓደኛዬ ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ከየት እንዳመጣ እንጃ በፍላሽ ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አልከፈትኩትም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባልደረቦቹ ያንን ፕሮግራም ኮፒ አድርግልን ሲሉት አባቴ እምቢ ይል ነበር። «የሰው ልፋት ነው» ይላቸዋል። የእሱን ጽሑፍ የማወጣው እሱ በከለከለው መንገድ ከሆነ ምን ይሰማኝ ይሆን?

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ይህን የሰሙ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ጫኚልን እያሉኝ ነው። እነሱም ያው ችግር አለባቸው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦሌ_17 — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በዚህ ነገር እንቅልፍ አትጪ። ድርጅቱ የለም። ፕሮግራሙ አይሸጥም። ብር ይዘሽ ብትሄጂ እንኳ የሚቀበልሽ ሰው የለም። ታዲያ ከማን ኪስ ነው የወሰድሽው? ክፈቺው፣ ከዚያም ጫኚው። ስንት ሰው ቤት ስንት ፍሎፒ እንዳለ አስቢ።

ነቅዐ_ፊደል — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። የልጅቷን አባት ፕሮግራም አልሠራሁም። ግን በዚያው ዘመን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ሠርቻለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። ዶስ አማርኛ አያውቅም። ፊደሉን ስክሪን ላይ የምንስለው ነጥብ በነጥብ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ እነ ቋና ሟ፣ አኃዙ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ፊደል የሚቀመጥበት ባይት የሚባለው ክፍል የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው። ግማሹን እንግሊዝኛው ይዞታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዘዴ ፈጠርን። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፈለው። ሌላው ቀለሙንና ቅጥያውን ለያይቶ አስቀመጠ። ዛሬ ፋይሉ ዝብርቅርቅ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። የሁላችንም ቁጥር ይለያያል። ለፕሪንተሩ ደግሞ ሌላ ሥዕል ያስፈልግ ነበር። ጠን እና ጨን በዚያች ጠባብ ቦታ ለመለየት ስንት ሌሊት እንዳደርን እኛ ነን የምናውቀው።

ከዚያ ሸጥን። ሦስት ኮፒ የገዛን አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ከወራት በኋላ ለጥገና ስሄድ በየክፍሉ ተጭኖ አገኘሁት። የጫነው ልጅ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ በጣም ወደውታል» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን የዚያን ወር የቢሮ ኪራይ የምከፍለው አልነበረኝም። በሁለተኛው ዓመት ዘጋን።

«የተተወ ሶፍትዌር» ሲባል ስሰማ ይህ ይመጣብኛል። እኛ አልተውነውም። እንድንተወው ተደረግን። ገዢ የጠፋው፣ ሰው ሳይፈልገው ቀርቶ አይደለም። ሁሉም በነፃ ስለያዘው ነው። ዛሬ ደግሞ «ባለቤቱ የለም» ተብሎ ያው ነገር ሲደገም ያመኛል።

ልጄ፣ ለአንቺ ግን ሌላ ነው የምለው። ያ ጽሑፍ የአባትሽ ነው። ፕሮግራሙን ገዝቷል። ክፈቺው። እኔ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ ቤትሽ ድረስ መጥቼ እከፍትልሽ ነበር። ቴሌግራም ላይ ግን አትጫኚው።

ሕግ_አጥኚ — ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

የሕጉን ነገር ላንሳ። ፕሮግራሙ በተሸጠበት ጊዜ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያ ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ እንጂ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚለው የለም። ዛሬ የሚሠራው በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። እዚያ ፕሮግራም በግልጽ ተጠቅሷል። ጥበቃው የሠሪው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብዙ ሰዎች በጋራ ከሠሩት ቆጠራው መጨረሻ ከሞተው ይጀምራል።

አዋጁ ውስጥ «የተተወ» የሚባል ነገር የለም። ድርጅት ተዘጋ ማለት መብቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ለአጋር፣ ለወራሽ ወይም ለአበዳሪ ያልፋል። ባለቤቱን ማግኘት አለመቻልና ባለቤት አለመኖር ይለያያሉ።

ለመምህሩ ልጅ የሚጠቅም አንቀጽ ግን አለ። የፕሮግራሙን ኮፒ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ኮፒው ቢጠፋ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን ለመተካት አንድ ቅጂ ማድረግ ይችላል። ለተገዛበት አገልግሎት እንዲሠራ አስፈላጊ ከሆነ ማስተካከልም ይፈቀዳል። እኔ እንደማነበው የሞተ ቁልፍ ዲስክ ማለፍ ከዚህ ሊገባ ይችላል። ሌላ ጠበቃ ሊከራከረኝ ይችላል። ያ ደረሰኝ ግን ትልቅ ነገር ነውና እንዳይጠፋ።

ይህ ፈቃድ ለያዘው ሰው ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ መጫን አይገባበትም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን የድሮ ጋዜጣ እንዲሁ ተቆልፎብን ስለነበር ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ።

እዚህ ያለው ሕግ የባሰ ነው። ድርጅት ያሠራው ፕሮግራም ከወጣ ጀምሮ 95 ዓመት ይጠበቃል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮግራም እስከ 2085 መጨረሻ የተቆለፈ ነው ማለት ነው። ፍሎፒ እስከዚያ አይኖርም። ሕጉ ራሱ ይህ እንደማያስኬድ ገብቶታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በየሦስት ዓመቱ አንዳንድ ነገሮችን የፕሮግራም ቁልፍ መስበርን ከሚከለክለው ሕግ ነፃ ያደርጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ቁልፋቸው ተበላሽቶ መተኪያ ያጡ ፕሮግራሞች ነፃ ከሆኑት ውስጥ ነበሩ። በ2018 ደግሞ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች የድሮ ሶፍትዌር ለማቆየት ቁልፍ እንዲያልፉ ተፈቀደ። ግን በ2024 ተመራማሪዎች የድሮ ጌሞችን ቤታቸው ሆነው በርቀት ይክፈቱ የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ አልተፈቀደም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ጥናት እዚህ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደሌሉ አሳይቶ ነበር። ያም ሆኖ አልተፈቀደም።

ባለቤቶቹ ራሳቸው የለቀቁም አሉ። ቦርላንድ የሚባለው ድርጅት ተርቦ ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያውን የድሮ ቅጂዎች በነፃ ሰጠ። ማይክሮሶፍት በ2014 የመጀመሪያዎቹን የዶስ ኮዶች ለኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ሰጠ። በ2024 የዶስ 4ን ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ማንም አልተጎዳም።

በመሐል ያለም አለ። ወርድስታር የሚባለው መጻፊያ የመጨረሻው የዶስ ቅጂ የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ሮበርት ሶየር የተባለ የካናዳ ደራሲ አሁንም የሚጽፈው በእሱ ነው። በ2024 ከነመመሪያው አሰባስቦ ለሁሉም አወጣው። ፈቃድ የሚሰጥ አላገኘም። እኔ ሰውየውን አልወቅሰውም። እንደዚያ ባያደርግ በዚያ ፕሮግራም የጻፉ ሰዎች ይቸገሩ ነበር።

የሲዲ_ዘመን — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ ነቅዐ ፊደል፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያኔ ወጣት ሆኜ ኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። የአማርኛ ፕሮግራም በሙሉ አንድ ሲዲ ላይ ሰብስበን እንሸጥ ነበር። የእርስዎም እዚያ ሳይኖር አይቀርም። የሠራው ሰው ኪራይ አጥቶ ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል ባልፍ ደግ አይሆንም። የዚህች እህት ጓደኛ ኮፒውን ከየት አገኘው? ቁልፉን የሰበረ ሰው ስለነበረ ነው። ኦሪጅናሎቹ ዲስኮች ሻግተዋል። ድርጅቶቹ መዝገብ አላስቀመጡም። ዛሬ የተረፈው እኛ ያባዛነው ነው። ጥፋታችን ጥፋት ነው፣ አልክድም። የተረፈው ግን በዚያ ጥፋት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አብሬ እንዴት እንደምይዛቸው አላውቅም።

ነቅዐ_ፊደል — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ወንድሜ፣ ይቅርታህን ተቀብያለሁ። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

ለጥያቄህ ቀኑን ሙሉ መልስ ስፈልግ ዋልኩ። በመጨረሻ እውነቱን ልጻፍ አልኩ። የራሴ ፕሮግራም እጄ ላይ የለም። ቢሮ ስንዘጋ ዲስኮቹን በካርቶን ቤት ወሰድኳቸው። በኋላ ሳያቸው አንዱም አይነበብም። ኮዱም እዚያው ነበር። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ለልጆቼ አሳይቼ አላውቅም። ያ ሲዲህ ካለ እስቲ ፈልግልኝ። ስሙን በግል እልክልሃለሁ።

ወለተ_መዝገብ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡30

ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው የምሠራው። ክርክሩ ላይ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ማቆየትና ማሰራጨት ተደባልቀዋል። ወመዘክር ውስጥ ያለ መጽሐፍ መብቱ የደራሲው ነው። መጽሐፉ ግን ተቀምጧል፣ አይጠፋም። ለሶፍትዌር እንዲህ ያለ ልማድ የለንም። ስለዚህ ሰው ያለው ምርጫ ቴሌግራም ላይ መጣል ወይም እንዲጠፋ ማየት ይመስለዋል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ዲስኩ፣ መመሪያው፣ ደረሰኙ፣ ሣጥኑ ሳይቀር ተመዝግቦ ይቀመጥ። ባለቤቱ እስኪገኝ ወይም ዘመኑ እስኪያልፍ ማጥናት የሚፈልግ እዚያው መጥቶ ይየው።

ለመምህሩ ልጅ ሥራው ላይ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ፍሎፒውን ከማስገባትሽ በፊት የመጻፊያ መከልከያዋን መስኮት ክፈቻት። ፋይሉን ብቻ አትቅጂ፣ የዲስኩን ሙሉ ምስል፣ ማለትም በላዩ ያለውን ሁሉ እንዳለ የያዘ አንድ ፋይል አውጪ። ከዚያ በኋላ የምትሠሪው በምስሉ ላይ ይሁን። አዲሱ ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም አያነሳም። ዶስቦክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ያነሳዋል።

ፕሮግራሙ አንዴ ከተነሳልሽ ዋናው ሥራሽ ቁጥሩን ማወቅ ነው። ሀ ሁ ሂ ብለሽ ፊደል ገበታውን በሙሉ በፕሮግራሙ ጻፊና አስቀምጪው። ፋይሉ ውስጥ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ ይታይሻል። ያንን በሰንጠረዥ ካወጣሽ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም መሣሪያ ወደሚጠቀምበት የጋራ የፊደል ቁጥር መለወጥ ቀላል ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንዴ ወደዚያ ከተሻገረ በማንኛውም ስልክ ይነበባል። ሰንጠረዡን ለሁሉም ልትሰጪ ትችያለሽ። የማንም ፕሮግራም አይደለም፣ አንቺ ያየሽውን የመዘገብሽበት ነው። ሐንና ኀን፣ ሠንና ሰን ግን አደራ አትቀላቅያቸው። አባትሽ ለይቶ ጽፎ ይሆናል።

ቦሌ_17 — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ያልሽው ጥሩ ነው። ግን ሰንጠረዥ ይዞ ፋይል መለወጥ የሚችለው ስንቱ ነው? የእድር ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የሟች ሚስት ይህን አያደርጉም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ተጭኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጋሼ፣ የደረሰባችሁ በደል ገብቶኛል፣ መጀመሪያ የጻፍኩትም ቸኩዬ ነበር። አሁንም ግን የሰውን ጽሑፍ ከማንም የማይገኝ ፈቃድ አሥሮ መያዙ ልክ አይመስለኝም።

የመምህሩ ልጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

ትናንት ሌሊት ከፈትኩት።

ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነው የከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ እንዲያየው ይሆናል። ዶስቦክስ ላይ ተነሳ። የመጀመሪያው ፋይል ከቦረና ሳይንት ከአንዲት እናት የቀዳው የለቅሶ ግጥም ነው። ከሥሩ የሴትየዋን ስም፣ ቀኑንና «ሲያለቅሱ አቋረጥን» የሚል ማስታወሻ ጽፏል። እኔም እዚያ ላይ አቋረጥኩ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙን አልጭነውም። ባለቤቶቹ ሲዘረፉ አባቴ አይቷል፣ እኔ አልጨምርበትም። ሰንጠረዡን ግን ሠርቼ እዚህ አወጣዋለሁ። ቦሌ 17፣ ያነሳኸው እውነት ነው። ስለዚህ በዚያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ያለው ሰው ይላክልኝ፣ ለውጬ እመልስለታለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። ሰው ከበዛ የሚያግዘኝ እፈልጋለሁ።

ባለቤቶቹንም መፈለግ አላቆምም። ደረሰኙ ላይ ፊርማ አለ። ስሙን ለማንበብ እየሞከርኩ ነው። አግኝቼ ፈቃድ ከሰጡኝ ያኔ ለሁሉም ይሆናል።

የሲዲ_ዘመን — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ አግዝሻለሁ። ጋሼ፣ ሲዲው እናቴ ቤት ቆጥ ላይ ተገኘ። ተቧጭሯል፣ ግን ተነበበ። የእርስዎ አለበት። ነገ በእጄ አመጣልዎታለሁ፣ የት እንደምንገናኝ ይንገሩኝ።

ነቅዐ_ፊደል — እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40

ትናንት ተገናኘን። ልጁ አሁን ሽበት አውጥቷል። ቤት ወስጄ ቡና አጠጣሁት። ፕሮግራሙን ትንሹ ልጄ ነው ያስነሳው። ጨ የቀኝ እግሯ አንድ ነጥብ ያጥራል። ያኔ በሚቀጥለው እትም አስተካክላታለሁ ብዬ ያለፍኳት ናት። ልጄ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ አንተ ነህ የሳልከው?» አለኝ።

የእኔን ፕሮግራም በሚመለከት፣ በእኔ በኩል ማንም ቢገለገልበት ፈቃዴ ነው። ግን ሦስት ነበርን። አንደኛው ቶሮንቶ ነው፣ ደውዬለት እሺ ብሏል። ሦስተኛው አርፏል። ልጆቹን መጠየቅ አለብኝ። የአባታቸውን ድርሻ እኔ ልሰጥ አልችልም። መልሳቸውን እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያ ወለተ መዝገብ፣ አንድ ኮፒ ከነመመሪያው ለማስቀመጥ ወዴት ልምጣ?

ወለተ_መዝገብ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ አድራሻውን በግል ልኬልዎታለሁ። መመሪያው በወረቀት ካለዎት እንዳይተዉት።

የመምህሩ ልጅ፣ ያልተነበቡትን ሁለት ፍሎፒዎች ደጋግመሽ አትሞክሪያቸው። ሻጋታ ካለባቸው የማንበቢያው ራስ የቀረውንም ይፍቀዋል። በደረቅ ቦታ አስቀምጫቸውና ይዘሻቸው ነይ፣ አብረን እናያቸዋለን።